ሒሳብ

ከአዘዞ ፒያሳ ስመላለስ ውዬ፣
ሦስት ሰው ከኋላ፣ አንድ ከጎኔ አዝዬ፣
ሳሙና በር አልፌ ቁልቁል ስወርድ ገና፣
እጁን ዘረጋብኝ አንድ ሰው ከጎዳና።
በከረጢት ጠቅልሎ የያዘው ዕቃ
አንገቱ ቀጭን ነው፤
አቅፎት ተቀመጠ፣ እንደ ልጅ፣ እንዳይነቃ።
«ማሲንቆ ነው» አልኩኝ፣ ለራሴ፣ በሆዴ፤
ሙዚቃ ከፈትኩኝ፣ እንደዚያው እንደ ልማዴ።

ሚሞሪዋ ካርድ፣ ጥፍር የምታክለው፣
ሁለት ሺህ ዘፈን ናት፤ አራዳ ላይ ያለው
ልጅ ነው የሞላልኝ፣ በሠላሳ ብር ሒሳብ፤
የማን እንደሆነ ማን ነበረው ሐሳብ?

ዘፈን ተቀየረ። ሻካራ ጉሮሮ፣
ጭራው የሚያለቅስ፣ ያለ አንዳች ከበሮ።
ሰውዬው ቀና አለ፤ በስፖኪዮ ያዝኩት፤
ከንፈሩ ከዘፈኑ ሲቀድም ታዘብኩት።
እንዳላማው ነበር።

«ከየት አገኘኸው?» አለኝ፣ ሳይቆጣ፤
አፌ ተሳሰረ፣ ቃል ከውስጤ ታጣ።
«ከአራዳ…» አልኩና ማርሽ ቀየርኩበት፤
መንገዱ ሜዳ ነው፤ ማርሽ ምን ሊሠራበት!

አዘዞ ስንደርስ እጁ ኪሱ ገባ።
«ተዉት፣ ጋሼ፣ ይሂዱ» አልኩኝ፣ ሆዴ ባባ።
«አንተ ስትሰጠኝ ስጦታ ነው» አለኝ፤
«ዘልዬ ብወርድ ግን፣ ሌባ ነው የምትለኝ።»
አሥራ አምስቱን ብር መዳፌ ላይ ጣለ፤
ከረጢቱን አቅፎ ከሰዉ ተቀላቀለ።

ማታ ባጃጅ አቁሜ፣ ቀሃን ተሻግሬ፣
ስሙን በስልኬ ጻፍኩ ፊደል ቆጣጥሬ።
አለ።
ሁለት ዘፈን በነፃ፤ ራሱ ነው የለቀቀው፤
«ይውሰድ» ይላል ከሥሩ፣ «ጨዋታዬን የናፈቀው።»
ሌሎቹም ይሰማሉ፣ ያለ ሳንቲም፣ ያለ ብር፣
ግን መሀል ላይ ይገባል የሳሙና ነገር፣
የማካሮኒ ነገር፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ፤
ግጥሙ ሊያርፍ ሲል «ፍጠኑ!» ባይ መጣ።
ሙሉው አልበም ደግሞ፣ ዋጋው መቶ ሃያ፣
አውርደህ የምትይዘው፣ ያለ ማስታወቂያ።

ቴሌብሬን ሳየው መቶ አርባ ይላል፤
የኋላዋ ጎማ ከትናንት ተንፍሷል።
ነዳጅ አለ፣ ሰልፍ አለ፣ የቤት ኪራይ አለ፤
«በነፃው ስማና ተኛ» የሚል ድምፅ አለ።
እውነቱን ነው፤ በነፃው መንገድ ሕግ አይሰበርም፤
ሰጪው ከሰጠህ መቀበል አያሳፍርም።
እማሆይ ጥዑም ስንቴ ተሳፍረውኛል፤
«ሒሳብ» ብያቸው አላውቅም፤ ምርቃት ይበቃኛል።
እሳቸውም ግና፣ በጥምቀት ዋዜማ፣
ድፎ ቆርሰው ይልካሉ፣ ማንም ሳያይ፣ ሳይሰማ።

አዝማሪ ቤት ገብተህ፣ ጥግ ይዘህ ብትውል፣
በሩ አይቆለፍም፣ ማንም «ክፈል» አይል።
ጆሮ በነፃ ነው፤ ግን ግጥሙ ሲነካህ፣
ግንባሩ ላይ ትለጥፋለህ፣ ማንም ሳያስገድድህ።
ይህ የስልክ መስታወት ግንባር የለው፣ ላብ የለው፤
ብሩን የቱ ጋ ነው ልለጥፍ የምችለው?

አልበሙን አልገዛሁ፤ እውነቱን ልናገር።
አንዲቷን ዘፈን ገዛሁ፣ በአሥራ አምስት ብር፣
ያቺን ያለ ከበሮ፣ ያቺን ሻካራዋን፤
ከሳሙና በር አዘዞ፣ የአንድ ሰው ዋጋዋን።
ሁለቱን ስጦታዎች በምስጋና አወረድኩ፤
የቀሩትን ሰባት
ጎማዋ ስትለጠፍ እገዛለሁ ብዬ ቀጠርኩ።

ሚሞሪዋን ነቀልኩ። አልጣልኳትም፣ አልዋሽም፤
ክብሪት ቀፎ ውስጥ ናት፤ ድምጿ ግን አይሸሽም።
ጎንደር ስትበርድ፣ ውሻው ሲያቆም ጩኸት፣
«ሒሳብ! ሒሳብ!» ይላል ሁለት ሺህ ረዳት።